«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» እና ሌሎች የፊልም ሙዚቃ አድማጮች ስህተቶች

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት የምንሆን ሰዎች ሣር ቤት አካባቢ አንድ ሳሎን ውስጥ እንሰበሰባለን። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ቴክኒሻን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቡና ይፈላል፣ አንድ የፊልም ሙዚቃ አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። አንዳንድ ቀን ክርክሩ ከአልበሙ ይረዝማል። አልፎ አልፎ አዲስ ሰው ይቀላቀለናል። አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሚል የማውቅበት ጊዜ እየበዛ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ስለጠፋኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ከስህተቶቹ ግማሽ ያህሉን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

የጠየቀኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አልበሙ ከተጀመረ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሆኖታል፤ ልጁ ስኒውን እንደያዘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። የሳቁ ነበሩ፤ እኔ አልሳቅሁም። በእኛ አገር በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ለረጅም ዘመን የሬዲዮ ክፍተት መሙያ ሆኖ ኖሯል፤ ዜናው እስኪጀምር፣ ቀጣዩ ዝግጅት እስኪደርስ የሚፈስ ነገር ነበር። እንዲህ ያደገ ጆሮ ክላርኔትና ቫዮሊን ብቻ ሲሰማ ሊመጣ ያለ ሰው መጠበቁ አያስደንቅም።

ለእንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የማሰማው የታይታኒክን አልበም ነው። ጄምስ ሆርነር በ1997 በሠራው በዚህ አልበም ውስጥ ሴሊን ዲዮን የዘፈነችው ዜማ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ዘፈኑ ከመድረሱ በፊት ኖርዌያዊቷ ሲሰል ያንኑ ዜማ ያለ ቃል፣ በእንጉርጉሮ ብቻ ታዜመዋለች፤ ኦርኬስትራውም እዚህና እዚያ እየቆነጠረ ያመጣዋል። ዜማውን በየታክሲው ያልሰማ ሰው ስለሌለ አዲሱ አድማጭ ሲመጣ፣ ሲጠፋ፣ ልብሱን ቀይሮ ሲመለስ ይከታተለዋል። አንድን ዜማ ተከትሎ አንድ ሰዓት ሙሉ መሄድ የቻለ ሰው ዘፋኙን መጠበቁን ይተዋል። ልጁም ተወ። ዛሬ ቋሚ አባላችን ነው፤ አንድ የእኔ ንብረትም እጁ ላይ አለ፤ እርሱን ወደ በኋላ።

«አልበሙን ሰምቼዋለሁ»

የትኛውን? እኔ የምበሳጨው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ይመጣና «የእንትን ፊልም አልበም ደካማ ነው» ይላል። መቼ የወጣውን፣ ማን የተጫወተውን እንደሰማ ስትጠይቁት እንደ ነገረኛ ያያችኋል። ለእርሱ አልበም ማለት ከፊልሙ ላይ ንግግሩና የመኪናው ጩኸት ተነሥቶ የቀረው ድምፅ ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኛም ቡናችንን ጠጥተን በጊዜ ወደየቤታችን እንሄድ ነበር።

ጆውስን እንውሰድ፤ ስለ ሻርኩ የሚያወራውን። በ1975 የወጣው ሸክላ ላይ ያለው ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ የምንሰማው ቅጂ አይደለም። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ ለሸክላው ብሎ አንዳንዱን አስረዝሞ፣ አንዳንዱን አያይዞ እንደገና ነው ያስቀረጸው። ለፊልሙ የተቀረጸው በአልበም የወጣው በ2000 ነው። ስለዚህ አንዱ «ሙዚቃው ሰፊና የሚፈስ ነው»፣ ሌላው «ቁርጥርጥ ያለና የሚያስፈራ ነው» ብለው ቢጣሉ ሁለቱም እውነት ይዘው ነው። ሳሎናችን ውስጥ ይህ ጠብ አንድ ሰዓት ፈጅቷል፤ የዳኙት ጋሼ ናቸው፤ ሁለቱንም ሽፋን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን በማስቀመጥ።

በስታር ዎርስ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ1977 በወጣው ድርብ ሸክላ ላይ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጫወተው ለፊልሙ የተቀረጸውን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የፊልሙ አይደለም። ዊሊያምስ ክፍሎቹን እንደ ኮንሰርት ለጆሮ እንዲመቹ አድርጎ ደረደራቸው፤ እያንዳንዱ የሸክላ ገጽ የራሱ መነሻና መድረሻ አለው። ፊልሙን ተከትሎ የተደረደረው እትም የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1997 ነው። የመጀመሪያውን ሰምቶ «ታሪኩን አዘበራረቁት» የሚል ሰው አለ። ታሪክ ለመስማት ከሆነ ፊልሙ አለለት።

አሁን የራሴን ገመና ልናገር። ለዓመታት ከሁሉ የምወደው የጄሪ ጎልድስሚዝ ሥራ በ1979 የወጣው የኤሊየን ፊልም መዝጊያ ነው እያልኩ ስሰብክ ኖሬያለሁ። ያ ሰፊ፣ የሚያረጋጋ፣ ከዚያ ሁሉ ሽብር በኋላ እንደ ንጋት የሚመጣ የሕብረ አውታር ሙዚቃ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ዝም ብለው ሸክላውን አወጡ፤ ሁለተኛውን ገጽ ገለበጡና መርፌውን በመጨረሻው ክፍል ላይ አሳረፉት። የመጣው ጨርሶ ሌላ ሙዚቃ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያወደስኩት የጎልድስሚዝ አልነበረም፤ አሜሪካዊው ሃዋርድ ሃንሰን ለኮንሰርት ከጻፈው ሁለተኛ ሲምፎኒ የተወሰደ ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ሰዎች የጎልድስሚዝን መዝጊያ ትተው የሃንሰንን አስገቡ፤ ውስጥ ለውስጥም ጎልድስሚዝ በ1962 ለሌላ ፊልም ጽፎት የነበረውን ሙዚቃ ቆርጠው ለጠፉ። አልበሙ ላይ ያለው ግን ጎልድስሚዝ ለኤሊየን የጻፈው ነው። ስለዚህ «የኤሊየን ሙዚቃ» የሚባለው ነገር ሁለት ነው፤ ፊልሙ ያስቀረውና ደራሲው ያሰበው። ጋሼ ምንም አላሉም። ሽፋኑን አንሥተው ሰጡኝና ቡናቸውን ጠጡ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ሌላው ወጥመድ የሌላ ሰው አጨዋወት ነው። በስልካችሁ የፊልሙን ስም ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ኦርኬስትራ በሌላ ጊዜ የተጫወተው ቅጂ ነው። ሽፋኑ ይመሳሰላል፣ ርዕሱ አንድ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ከዋናው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ነገር ግን ያንን ሰምታችሁ «ጥሩንባው ለምን እንዲህ ሰነፈ?» ብላችሁ ደራሲውን ብትወቅሱት ግፍ ነው።

ከሁሉ የባሰው ታሪክ የብሌድ ራነር ነው። ፊልሙ የታየው በ1982 ነው። ሙዚቃው የግሪካዊው የቫንጌሊስ ነው፤ ዝናብ፣ ጭስ፣ ከሩቅ የሚመጣ የኤሌክትሮኒክ ጥሩንባ የመሰለ ድምፅ። ፊልሙ የቫንጌሊስ አልበም እንደሚወጣ ቃል ቢገባም በዚያው ዓመት የወጣው ኒው አሜሪካን ኦርኬስትራ የተባለ ስብስብ ሙዚቃውን በራሱ አቀናብሮ የተጫወተው ነበር። የቫንጌሊስ የራሱ አልበም እስኪወጣ 1994 ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት መሃል አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሸክላውን አመጣልኝ። የቫንጌሊስ ስም ሽፋኑ ላይ አለ፤ እኔም ስሙን እንጂ በአጠገቡ ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩም። ለአንድ ዓመት ያህል ለሰማኝ ሁሉ የቫንጌሊስን እጅ፣ የቫንጌሊስን ጣት እያልኩ አወራሁ። እጁም ጣቱም እዚያ ሸክላ ላይ አልነበሩም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ፊልም ሁለት አልበም ይወጣል፤ አንዱ የዘፈን፣ ሌላው የፊልሙ ሙዚቃ። በ1989 ለባትማን ፕሪንስ የዘፈን አልበም አወጣ፤ ዳኒ ኤልፍማን የደረሰው ማጀቢያ ለብቻው ጥቂት ቆይቶ መጣ። በ2018 ብላክ ፓንተር ሲወጣ ኬንድሪክ ላማር ያዘጋጀው አልበም ሁሉም ቤት ገባ። ፊልሙን ያጀበው ግን የስዊድናዊው የሉድቪግ ዮራንሰን ሥራ ነው፤ ሴኔጋል ድረስ ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ተጉዞ፣ ታማ የሚባለውን የሚናገር ከበሮ ቀርጾ ነው የተመለሰው። ኦስካር ያገኘው ይኸኛው ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር «ኬንድሪክ በብላክ ፓንተር ኦስካር በላ» የሚል ነበር። ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም ያልኩት እርሱን ነው።

ስለዚህ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ሽፋኑን ገልብጡት። ማን ደረሰው፣ የትኛው ኦርኬስትራ ተጫወተው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀረጸ፣ ለፊልሙ ነው ወይስ ለአልበሙ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«ደራሲው ሰላሳ ደቂቃ ብቻ ነው የጻፈው?»

ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ሲዲዎች ሰላሳ ደቂቃ አካባቢ ላይ ያልቃሉ። ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ውል መሠረት ለፊልም የተቀረጸ ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ክፍያ ነበር፤ ሙዚቃው በረዘመ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። ትንንሽ አሳታሚዎች አቅማቸው የሚችለውን ያህል ቆርጠው ያወጡ ነበር።

አሁን ደግሞ ሁሉም «የተሟላ እትም» ይፈልጋል። ለቀለበቱ ጌታ የመጀመሪያ ክፍል ሃዋርድ ሾር የጻፈው በ2005 በሦስት ሲዲ ተሟልቶ ሲወጣ እኔም እንደ ልጅ ዘልያለሁ፤ እርሱ ይገባዋል፤ በየቦታው የተዘራ ዜማ ስላለው ርዝመቱ ይከፍላል። ግን ሁሉም ፊልም እንደዚያ አይደለም። በር ሲከፈት የሚሰማ አሥራ አምስት ሰከንድ፣ መኪና ሲቆም የሚሰማ ሃያ ሰከንድ፣ ይህን ሁሉ ለቅሞ ሰባ ሁለት ቁራጭ አድርጎ መስማት ምን ይባላል? አንዳንድ ሰላሳ ደቂቃ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል። በዚህ ጉዳይ ከግማሹ ቡድን ጋር አልስማማም፤ አልስማማምም።

የሌለ ሙዚቃ ማድነቅ

አንድ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ንግግራቸው የተመጠነ አንድ እንግዳ መጡ። ከፊልም ሙዚቃ ሁሉ የሚወዱት በ1963 የወጣው የዳይሬክተሩ የሂችኮክ ፊልም «ወፎቹ» ውስጥ ያሉት የሚጮኹ ቫዮሊኖች መሆናቸውን ነገሩን። ወፎቹ ማጀቢያ የለውም። እንደ ሙዚቃ የምናስታውሰው የወፎች ጩኸት ነው፤ እርሱንም ኦስካር ሳላና ሬሚ ጋስማን ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው የሠሩት። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ሄርማን በፊልሙ ላይ የድምፅ አማካሪ ነበር እንጂ አንድ መስመር ሙዚቃ አልጻፈም።

እንግዳችን የሚያስታውሱት ከዚያ ፊልም ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣውን ሌላውን የሂችኮክ ፊልም፣ ሳይኮን ነበር። ያ ሁሉ በአውታር መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ ነው፤ ጥሩንባ የለ፣ ከበሮ የለ። ሂችኮክ የገላ መታጠቢያውን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። ሄርማን ግን ጻፈለት፤ ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ለወጠ። ጋሼ በእንግዳው ፊት ማንንም አላረሙም። «እስቲ እንስማቸው» ብለው ሳይኮን አጫወቱ። እንግዳው «እነዚህ ናቸው!» አሉ፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። በሩ ላይ ሲሰናበቱ ጋሼ ለብቻቸው ነገሯቸው።

ማንን ማን አጀበ?

«ማጀቢያ» የሚለው ቃላችን ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ታጃቢው ከፊት፣ አጃቢው ከኋላ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ምስሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሙዚቃው የሚከተል ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ1982ቱ ኢ.ቲ. ማብቂያ ላይ ልጆቹ በብስክሌት ሲያመልጡ ያለውን ረጅም ክፍል ዊሊያምስ ከምስሉ ጋር በሰከንድ ልክ ማጋጠም አስቸገረው። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ምስሉን አስጠፋና እንደ ኮንሰርት በነፃነት ምራው አለው፤ ከዚያ ፊልሙን በሙዚቃው ልክ እንደገና ቆረጠው። አሁን ያንን ክፍል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ የሚተነፍሰው ኦርኬስትራው ነው፣ ምስሉ ተከታይ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔም በ1968 ለወጣው ዌስተርን ኤኒዮ ሞሪኮኔን ከቀረጻው በፊት አጻፈውና ተዋንያኑ ሲሠሩ ሙዚቃውን ያስከፍትላቸው ነበር። «ሙዚቃው ከምስሉ ጋር እንዴት ገጠመ!» ከማለታችሁ በፊት የገጠመው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

«ይህ ተሰርቋል»

ጀማሪ ጆሮው መከፈት ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራው ሌባ መያዝ ነው። አንድ ዜማ ከሌላ ጋር ሲመሳሰልበት ይነሣል፣ ጣቱን ይቀስራል። ደስታው ስለሚገባኝ አልቆጣም፤ እኔም በሃያ አምስት ዓመቴ ፖሊስ ነበርኩ።

ብዙ ጊዜ የሚያዘው ምስኪን ዲየስ ኢሬ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የላቲን የሙታን ጸሎት ዜማ ነው። መክፈቻው አራት ድምፅ ነው፤ ከላይ ግማሽ እርምጃ ወርዶ ይመለስና ወደ ታች ይወድቃል። ሞት ሲቃረብ የአውሮፓና የአሜሪካ የፊልም ደራሲ እጁ ወደዚህ ይሄዳል። በ1980ው ዘ ሻይኒንግ መክፈቻ ላይ መኪናዋ በተራራው መንገድ ስትጠማዘዝ የሚሰማው እርሱ ነው። ይህን መጥቀስ ስርቆት ከሆነ ያሬዳዊ ዜማ የጠቀሰ ሁሉ ሊከሰስ ነው።

ሌላው ምክንያት ከደራሲው ቁጥጥር ውጭ ነው። ዳይሬክተሮች ፊልሙን ሲቆርጡ ሌላ ቦታ ያገኙትን ሙዚቃ ለጊዜው ይለጥፉበታል። ለወራት ከእርሱ ጋር ይኖራሉ፣ ይለምዱታል፣ ከዚያ ደራሲውን ጠርተው «እንደዚህ ያለ ግን ያልሆነ» ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ ጊዜያዊውን ጨርሶ መተው ያቅተዋል። አሌክስ ኖርዝ በ1968 ለወጣው የኩብሪክ የሕዋ ፊልም ሙዚቃ ጽፎ፣ አስቀርጾ ነበር፤ ኩብሪክ ግን በለመዳቸው የሽትራውስና የሊጌቲ ሙዚቃዎች ቀጠለ። ኖርዝ ያወቀው ፊልሙ ሲታይ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እስቲ ያንን ወንበር አስቡት። ሙዚቃው እንደ አዲስ ተቀርጾ በአልበም የተሰማው በ1993 ነው፤ ያስቀረጸው ጄሪ ጎልድስሚዝ ነበር፤ ኖርዝ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ስለዚህ መመሳሰል ስትሰሙ ከደራሲው በፊት ዳይሬክተሩን ጠርጥሩ።

ከራሱ የሚሰርቀውስ? ሆርነር አደጋ ሲመጣ የሚያስገባት አራት ድምፅ ያላት የጥሩንባ ሐረግ ነበረችው፤ በ1988ም አለች፣ በ2004ም አለች። ለዓመታት ስቄባታለሁ። በ2015 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ አንድ ምሽት ስሰማት ግን እንደ ሰው የእጅ ጽሑፍ ሆና ታየችኝ። ይህ ክርክር ሳይሆን ስሜት እንደሆነ አውቃለሁ።

«አቀናባሪው ማን ነው?»

የካሴት ሽፋን ያሳደገን ሰዎች ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብለን መክፈል ለምደናል፤ ለፊልም ሙዚቃ ሲሆን ግን ሁሉንም «አቀናባሪ» እንላለን። የሙዚቃው ደራሲ አንድ ነው፤ ንድፉን ለኦርኬስትራ የሚያከፋፍለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መሪው ሦስተኛ። በስታር ዎርስ ለኦርኬስትራ በማከፋፈሉ ሥራ የዊሊያምስ ዋና ረዳት ኸርበርት ስፔንሰር ነበር፤ ስሙን የሚጠራው የለም። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ላይ ደግሞ ደራሲ ሆኖ የተጻፈው ክላውስ ባደልት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ሃንስ ዚመር ይላል። ዚመር በዋና ዜማዎቹ ላይ እጁ አለበት፣ ፕሮዲዩሰሩም እርሱ ነው፤ በጥድፊያ ስለተሠራ የጻፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ የተሳሳተን ሰው እኔም ቶሎ አላርምም።

በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት

በ2014ቱ ኢንተርስቴላር ሮጀር ሴየር በለንደኑ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን የተጫወተውን ኦርጋን «አልሰማሁትም» ያለኝ ሰው በስልኩ ነበር የሰማው፤ የኦርጋን ወፍራም ድምፅ ከጥፍር በማትበልጥ ማጉያ አይወጣም፤ ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ርዕሶቹን ማንበብ

ፊልሙን ገና ካላያችሁ አልበሙ ጀርባ ላይ ያለውን ዝርዝር አትመልከቱ። በ1999 የስታር ዎርስ አዲስ ክፍል ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት አልበሙ ተሸጠ፤ ከክፍሎቹ የአንዱ ርዕስ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ስሙ ተጠርቶ መሞቱን ይናገራል። የቀብሩም ርዕስ አለ። ሽፋኑን ገልብጡ ብዬ አሁን አትገልብጡ ማለቴ ነው፤ አዎ። መጀመሪያ ፊልሙን እዩ።

«ይህ የእኛ ትዝታ ነው!»

ቻይና ላይ የተሠራ ፊልም ስናጫውት ሁልጊዜ አንድ ሰው ይነሣል። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በስኮትላንድም፣ በቻይናም፣ በአሜሪካ ጥቁሮች መዝሙርም አለ፤ ደማቁ ትዝታ ከእነዚህ ጋር ድምፅ ለድምፅ ይገጥማል። አምባሰልም ከጃፓን ቅኝቶች ከአንዱ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ የሳሙራይ ፊልም የሰማ ሰው ወሎ የደረሰ ቢመስለው አልፈርድበትም። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው ግን የድምፆቹ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ማንጎራጎሩ፣ መጎተቱ፣ የት ላይ አርፎ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ነው።

በእውነት የእኛ የሆነ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስህተት ይከተላል። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው ብሮክን ፍላወርስ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ከተዋናዩ ቢል መሪ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጓዛል። «ሙላቱ ለፊልሙ ደረሰለት» ይባላል። የከርሞ ሰው ፊልሙ ከመታሰቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ አዲስ አበባ የተሠራ ነው፤ ጃርሙሽ ወዶት ነው የወሰደው። በ2021ዱ ፓሲንግም የምንሰማው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ እንዲሁ ቀድሞ የነበረ ነው። ለፊልሙ ባይጻፍም ውበቱ አይቀንስም፤ «ለፊልሙ የተደረሰ» በሚለው ረድፍ ግን አታስቀምጡት።

ከአሥር ስንት?

አልበም አንዴ ሰምቶ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ቡና ይጠጣ፣ ዝም ይበል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጣ።

ሸክላ ማዋስ

ይህ ከማዳመጥ ጋር አይገናኝም፤ የተናደድኩበት ስለሆነ ይግባ። ዘፋኙን ሲጠብቅ የነበረው ተማሪ ከአራት ወር በፊት ያንን የብሌድ ራነር ሸክላ አውሱኝ አለኝ። የቫንጌሊስ እንዳልሆነ፣ ሌላ ኦርኬስትራ እንደተጫወተው ነግሬ፣ እያጣጣልኩ ሰጠሁት። ባለፈው ቅዳሜ መልሰው ስለው «እኔ ከዋናው ይልቅ ይህን ወደድኩት፤ ትንሽ ይቆይልኝ» አለኝ። ሌሎቹ በኬንድሪክ ጉዳይ እየተጨቃጨቁ ስለነበር የሰማው የለም። ሸክላው አሁንም እርሱ ዘንድ ነው።